ጥበቃ ያለው ግቢ፣ ቅሬ የሌለው ደረጃ



አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነበር። ያለፉትን ሦስት ወራት ጽሑፎች የላክሁላችሁ እንደ ወትሮው መካነ ሰላም ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ አይደለም፤ አዲስ አበባ፣ ልጄ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። ያልነገርኳችሁ ነገሩ ለራሴም ስላልቆረጠልኝ ነው። ልጆቼ «እማዬ፣ እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ቤቱን ሽጪውና ከእኛ ጋር ኑሪ» ማለት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። አልፈርድባቸውም። ከደሴ መካነ ሰላም ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ደግሞ ከአዲስ አበባ 400። መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲጠፋ፣ እነሱም እዚህ እንቅልፍ አጥተዋል። «እስኪ ሦስት ወር ልሞክረው» ብዬ መጣሁ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ጥያቄ ወይ እየጠየቃችሁ ወይ እየተጠየቃችሁ እንደሆነ ከደብዳቤዎቻችሁ አውቃለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ግቢው የታጠረ ነው። በአጥሩ ላይ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ካሜራ፣ በበሩ ላይ ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁ ጥበቃዎች አሉ። የመጣሁ ቀን ጥበቃው «ማዘር፣ ወደ ማን ነው? ስንት ቁጥር?» አለኝ። የልጄን ስም ነገርኩት፤ አላወቃትም። የምትኖርበትን ብሎክና የቤት ቁጥር ስነግረው ግን ወዲያው «እሺ ይግቡ» አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ ሲብስም በእናቱ በሽታ ሳውቅ ለኖርኩ ነርስ ሰው በቁጥር ሲታወቅ ማየት አዲስ ነገር ነበር።

ደህናውን አስቀድሜ ልናገር። የልጅ ልጆቼ መኪና በማይሄድበት ሜዳ ይጫወታሉ። ልጄ ከሥራ አምሽታ ስትገባ ልቤ አይሰቀልም። ደረጃው በየቀኑ ይጠረጋል። በግቢው ጥግ የጋራ ቤት አለ፤ በግ የሚታረድበት፣ ድግስ የሚደገስበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት። ይህን ያሰበ መሐንዲስ የሐበሻን ኑሮ የሚያውቅ ነው ብዬ አመስግኜዋለሁ። ሊፍት የለም፤ ውኃውም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም። ግን እኔ ከምንጭ የተቀዳ ውኃ በጀርባዬ ይዤ ያደግሁ ነኝ፤ ለእሱ አላማርርም።

ከጥበቃው ጎጆ ጎን አንድ የጥንት የድንጋይ በር ቆሟል። መዝጊያ የለውም፤ ወደ የትም አያስገባም፤ ሕንፃው ሲሠራ ለጌጥ የተተወ ነው። የምን በር እንደሆነ የነገሩኝ ከልጄ ቤት ፊት ለፊት ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ ናቸው። ሰማንያን ገፋ አድርገዋል። የተወለዱት እዚሁ ነው፤ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሳይሆን እዚህ አፈር ላይ።

አዲስ አበባ እንዴት እንደተቆረቆረች ታውቃላችሁ። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ሲወርዱ፣ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለየመኳንንቱ ቦታ ተሰጠ። መኳንንቱ በቦታቸው መካከል ቤታቸውን ሠሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ጣዩ በዙሪያቸው ሰፈረ። «ሰፈር» የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ባሻ ወልዴ ችሎት እያልን ዛሬም ድረስ የምንጠራው የእነሱን ስም ነው። የእትዬ እናት በአንድ ጌታ ግቢ ወጥ ቤት ነበሩ፤ እትዬም ከግቢው ጀርባ ባለች የጭቃ ቤት ተወለዱ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ትልቁ ግቢ ተከፋፈለ፤ የጭቃዋ ቤትም የቀበሌ ሆነች። ኪራይዋ ጥቂት ብር ነበር። ከዚያ ደግሞ የመልሶ ማልማት ዘመን መጣ። ልደታና ባሻ ወልዴ ችሎትን የመሳሰሉ የመሀል ከተማ ሰፈሮች እየፈረሱ በቦታቸው ፎቅ ተተከለ። የእትዬም ሰፈር ፈረሰ። ጎረቤቶቻቸው ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ተበተኑ። እሳቸው ቆይተው እዚሁ አንድ ክፍል ደረሳቸው። «ዕድለኛ ነኝ» ይላሉ። «ቦታዬን አገኘሁ። ሰዎቼን ብቻ ነው ያጣሁ።»

ይህን ሲነግሩኝ ያስታወሰኝ ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ነው። ስሙ አይጠየፍ ነው። ስሙ የወጣለት ከድሃ እስከ ጌታ፣ ከእስላም እስከ ክርስቲያን ማንንም ሳይጠየፍ ስለሚያስተናግድ ነው ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። የድሮውን ዘመን ላሞካሽ አይደለም። በጌታ በር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ደጅ የጠና፣ እልፍኝ አስከልካይ ገፍትሮ የመለሰው ስንት አለ! ነገር ግን የግብር ቀን ያ በር ይከፈት ነበር። በግቢው ውስጥ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን እንዳልበላ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ነበር። የእትዬ እናት ሁለት ቀን ከወጥ ቤት ቢቀሩ «ምን ሆነች?» ብሎ የሚልክ ነበር፤ ሌላው ቢቀር ወጡ ስለሚጎድል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ናቸው። ዘጠኝ ሲል እኔ ቡና አፍልቼ እጠራቸዋለሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳንል አንለያይም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቡናውን አፍልቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ዝም። ሬዲዮው ከውስጥ ይሰማል። ደግሜ አንኳኳሁ። ስልካቸውን ደወልኩ፤ ውስጥ ሲጮኽ ይሰማኛል፤ የሚያነሳው የለም። ወርጄ ጥበቃውን «እትዬ ወጥተዋል ወይ?» አልኩት። የጠዋቱን ጓደኛውን ጠየቀ፤ ካሜራውንም አየ። «አይ ሲስተር፣ ዛሬ ለቤተ ክርስቲያንም አልወጡም» አለኝ። ወላጆች ሆይ፣ ይህችን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በየቀኑ ሌሊት አሥር ሰዓት ኪዳን የሚሄዱ ሴት እንዳልወጡ ካሜራው ያውቅ ነበር። ለምን እንዳልወጡ የጠየቀ ግን አልነበረም።

«በሩን እንክፈተው» አልኩ። «ያለ ኮሚቴው ፈቃድ በር አይሰበርም» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው። ሊቀመንበሩ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ስልካቸው አይነሳም። ጸሐፊዋ «ማንነታቸው የታወቀ ዘመድ ይምጣ» አለች። ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው፤ እዚያ ሌሊት ነው። አርባ ደቂቃ አለፈ። በስተመጨረሻ አራተኛ ፎቅ የሚኖር የብረት ሥራ የሚሠራ ልጅ ግራይንደሩን ይዞ ወረደና «ሲስተር፣ ኃላፊነቱን ይወስዳሉ?» አለኝ። «እወስዳለሁ» አልኩት። ቆረጠው።

እትዬ በአልጋውና በበሩ መካከል ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ነጠላቸው በላብ ርሷል። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን አይያያዝም። እኔን በእናታቸው ስም ጠሩኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነታቸው ቀዝቃዛ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እንደሆኑ አውቃለሁና ከቦርሳዬ የማትለየውን መለኪያ አውጥቼ ጣታቸውን ወጋሁ፤ 38። ከ70 ሲወርድ ነው የምንሰጋው። ነገሩ ገባኝ፤ ጠዋት ግሊቤንክላማይዳቸውን እንደ ልማዳቸው ውጠዋል፤ ምግብ ግን የለም። ማታም ብቻቸውን ስለሆኑ «ለአንድ ሰው ምን ወጥ ይሠራል» ብለው ሳይበሉ ተኝተው ነበር። መድኃኒቱ ከምግቡ ጋር እንዲሠራ የተሰጠ ነው፤ ምግብ ሲያጣ ያለውን ስኳር አውርዶ አውርዶ ሰውን ይጥላል።

መዋጥ ይችሉ ስለነበር ቀና አድርጌ ደግፌ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጬ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋቸው። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ለካሁ፤ 61። ደገምኩላቸው። ከዚያ «ሲስተር፣ ቡናው ቀዘቀዘ?» አሉኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ያ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ በተለይ በአረጋውያንና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ስኳሩን ደግሞ ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባቸው። ሊፍት የለም፤ እግራቸው አልጸናም። ከመካነ ሰላም ያመጣኋትን ባና አልጋው ላይ ዘረጋሁና አራት የግቢውን ጎረምሶች ጠራሁ። አራቱም ጎን ለጎን የሚኖሩ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን ስም አይተዋወቁም። «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» እያልኩ በባናዋ አስይዤ በደረጃው አወረድናቸው። ሁለት ቀን ተኝተው፣ መድኃኒታቸው ተስተካክሎላቸው ተመለሱ።

በዚያ ደረጃ ስንወርድ እኔ በልቤ ቦረና ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ሴት ምጥ ሲጸናባት በቃሬዛ ተሸክመዋት ይመጡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዳገት ነው። የሚሸከማት ማን ነው? ቅሬው ነው። አዲስ አበቤ እድር የሚለውን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ እንለዋለን። የእኛ ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ የታመመ ይሸከማል፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ቤት ይሠራል፤ እስላሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የእስላሙን ይሸከማል። ያልወጣ ይቀጣል። በዚያ አገር ከእኔ ቤት ጭስ አንድ ጠዋት ካልታየ የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ አንድ ሰዓት ሳይሞላ «አንቺ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ በሩን ትገፋዋለች። እውነቱን ልናገር፣ ይህም ሸክም ነው። እንግዳ ሲመጣ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አያድሩም፤ የገዛሁትን ሥጋ ኪሎ ያውቃሉ። ወጣት ሳለሁ «ምነው ከዚህ ዓይን ባመለጥኩ!» ያልኩበት ቀን አለ። ልጆቻችንም ከዚህ ዓይን አምልጠው ነው ኮንዶሚኒየም የገቡት። ግን ያ የሚከታተል ዓይንና ያ በር የሚገፋ እጅ የአንድ ሰው ናቸው። አንዱን ያለ ሌላው ማግኘት አልተቻለም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ጃፓኖች ሰው ብቻውን ሞቶ ሳይታወቅለት መሰንበቱን የሚጠሩበት ቃል አላቸው፤ «ኮዶኩሺ» ይሉታል። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሾመዋል። እነሱ ሚኒስትር የሾሙለትን ነገር እኛ በቅሬና በቡና እንሠራው ነበር። ፎቅ ስንወጣ ግን ጀበናውን ይዘን ወጣን፣ ጎረቤቱን ታች ተውነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኮንዶሚኒየሙን አፍርሰን ወደ ጭቃ ቤት አንመለስም። እትዬ ከተመለሱ በኋላ በእሑድ ጠዋት የደረጃችንን ሰዎች በሙሉ ቡና ጠራሁ። የሕንፃው ማኅበር ስለ ጥበቃ ደመወዝና ስለ ውኃ ታንከር ይሰበሰባል፤ ስለ ሰው ተሰብስቦ ግን አያውቅም ነበር። አሥር ቤት ነው፤ ሰባቱ መጡ። ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ገንዘብ አይፈልግም።

አንደኛ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ትርፍ ቁልፉን ለሚያምነው አንድ ጎረቤት ሰጠ። የእትዬ እኔ ጋ ነው፤ እኔ ስሄድ ለልጄ። ሁለተኛ፣ የአሥሩም ቤት ስልክና የውጭ ዘመዶች ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጽፎ አንዱ ጥበቃው ጋ፣ አንዱ በየቤቱ በር ጀርባ ተለጠፈ፤ የቀይ መስቀሉ የአምቡላንስ ቁጥር 907ም አብሮ። ሦስተኛ፣ እትዬ ጠዋት ሲነሱ የመስኮት መጋረጃቸውን ይከፍታሉ። እስከ ሁለት ሰዓት ካልተከፈተ ከታች የምትኖረው ተማሪ ወጥታ ታንኳኳለች። አራተኛ፣ ሰው ታሞ ሲጠረጠር ሁለት ጎረቤቶች ከተስማሙ በሩ ይከፈታል፤ ኮሚቴው በኋላ ይነገረዋል። ይህችን በቃለ ጉባኤ አስገብተን አስፈረምናቸው። ሊቀመንበሩም ሳያንገራግሩ ፈረሙ፤ የእሳቸውም እናት ለብቻቸው ነው የሚኖሩት።

የጤናውንም ነገር ሳልናገር አልሄድም። ወላጃችሁ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና የሚጾም ከሆነ፣ የክርስቲያኑም ጾም ይሁን የረመዳን፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መስተካከል አለበት፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ ጭራሽ መጾም የለበትም። የሃይማኖት አባቶችም ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፤ ጠይቁ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የንግግር መምታታት ካያችሁ ስኳር እንደወረደ ጠርጥሩ። መዋጥ ከቻለ የስኳር ውኃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ስጡት፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ውሰዱት። እግረ መንገዴን፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ። የጎጆ ቤታችን ጭስ በጣራው ይወጣ ነበር፤ እዚህ መውጫ የለውም። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ ተኝተው ሳለ ይወስዳል።

አሁን የሁላችሁም ጥያቄ ይቀራል። ቤቱን ሸጥኩት ወይ? አልሸጥኩትም። የመስቀልን ማግስት መንገዱ ሰላም ከሆነ ወደ መካነ ሰላም እመለሳለሁ። ክረምቱን እዚህ፣ በጋውን እዚያ ልኖር ከልጆቼ ጋር ተስማምተናል። ልጄ «እማዬ፣ ብትወድቂስ?» አለችኝ። «እዚያ ብወድቅ የምታነሳኝ ጎረቤት አለችኝ። አንቺ ግን እዚህ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ዝም አለች። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤቷ ከመግባቷ በፊት የእትዬን በር ስታንኳኳ ሰማኋት።

እትዬ ከሐኪም ቤት በተመለሱ ሰሞን ያሉኝን ላካፍላችሁ። «ልጄ፣ እኔ ሞትን አልፈራም፤ ሰማንያ ዓመት ምን አነሰኝ። የምፈራው ሳይታወቅልኝ መሰንበትን ነው።»

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። በደረጃችሁ ላይ፣ በአጥራችሁ ጎን፣ ብቻውን የሚኖር አንድ ሰው አለ። ስሙን እወቁ። ነገ ጠዋት አንኳኩ። «ምን ልርዳዎ?» ማለት ከከበዳችሁ «ቡና ደርሷል» በሉ፤ ያው ነው።

ከክፉ ሁሉ ይሰውራችሁ፤ እስከ ሳምንቱ ደህና ሰንብቱ።